አንድ ኩንታል የጎደለው ሙሽራ

ሰው ሲፈጠር ክንድ ነበረው፣ ስንዝር ነበረው፣ እርምጃ ነበረው። በነዚህ እየለካ መኖር ይችል ነበር። ግን ሰው አይደል? አልበቃውም። አንዱ ተነሥቶ ሜትር አመጣ፤ ሌላው እኔስ ከማን አንሼ ብሎ ኢንች አመጣ። ሁለቱም ልኬታቸውን በየአገሩ ሲበትኑ ኖረው ኖረው ጎንደር አራዳ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ተገናኙ፤ እኔም ስሸመግላቸው እውላለሁ። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ቧንቧ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቁልፍ እሸጣለሁ። ከዕቃው የበለጠ የምሸጠው ግን ማብራሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ በነፃ።

“ባለ ግማሽ ቧንቧ ስጠኝ” ይለኛል አንዱ። አውጥቼ እሰጠዋለሁ። አገላብጦ ያየውና “ይኼማ ሃያ ይላል!” ይለኛል። “አዎ፣ ግማሹ ሃያ ነው።” ትክ ብሎ ያየኛል። ግማሹ በኢንች ነው፣ ሃያው በሚሊሜትር ነው፣ አንዱ የውስጡ ነው፣ አንዱ የውጭው ነው እያልሁ ስቀጥል፣ ገና በጠዋቱ ቀማምሼ እንደሆነ ለማረጋገጥ ወደ አፌ ጠጋ ይላል። አልፈርድበትም። አንዱን ቧንቧ ውስጡን በአንድ አገር ልኬት፣ ውጭውን በሌላ አገር ልኬት የሚጠራ ዓለም ውስጥ የሰከረው ማን እንደሆነ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

በቀደም አንድ ጎረቤቴ የመስኮቱን መስታወት ሊያሠራ የእኔኑ ሜትር ተውሶ ሄደ። ሜትር እንደምታውቋት ናት፤ በአንድ ጎኗ ሴንቲሜትር፣ በሌላ ጎኗ ኢንች። እሱ ዓይኑ ባረፈበት በኩል ለካና “ሠላሳ በአርባ” ብሎ ለመስታወት ቆራጩ ነገረው። ቆራጩ ደግሞ በለመደው በሴንቲሜትር ቆረጠለት። ጎረቤቴ ለመስኮት ያሠራውን መስታወት በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሲገባ አይቼዋለሁ። አሁን መስታወቱ የዶሮ ቤት መስኮት ሆኗል። በከተማችን ደጅ ደጁን እያየች የምታድር ዶሮ ያለችው እሱ ቤት ብቻ ይመስለኛል።

ቴሌቪዥኑስ ብትሉ? “አርባ ሦስት ኢንች” ይሏችኋል። ኢንቹን የለኩት ደግሞ ከጥግ ወደ ጥግ፣ በሰያፍ ነው። ሰው አንገቱን አጣሞ የሚያየው ይመስል! እርግጥ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አንገቱን አጣሞ ነው የሚያየው፤ እሱን ተዉት።

“የጥንቱ ይሻል ነበር” የምትሉም አትጠፉም። ኧረ ባካችሁ! ክንድስ ቢሆን የማን ክንድ? ሰው ሲገዛ ረጅሙን የአጎቱን ልጅ አስከትሎ ይመጣል፣ ሲሸጥ ክንደ አጭሩን አማቹን ያስቀድማል። መንገዱም ያው ነው። አንድ ጊዜ ድብ ባሕር ከምትባል የገጠር ከተማ ላይ ከማኪና ወርጄ፣ የምጠይቀው ሰው ቤት ይርቅ እንደሆነ አንድ ገበሬ ብጠይቅ፣ በአገጩ ወደ ጋራው እየጠቆመ “ምነው፣ እዚህችው ናት!” አለኝ። “እዚህችው” ስባል ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች፤ ስደርስ ልጠይቀው የሄድሁት ሰው ከብቱን አስገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ ጨርሷል። ልኬት ሁሉ የለኪው ጠባይ አለበት። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ፣ የእህቴን ልጅ ትርንጎን ስንድር ነው።

የትርንጎ አባት አያ ውብነህ ማክሰኝት ላይ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። ቤቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፤ ወደ ሳሎኑ ለመግባት በጆንያ መሀል ማለፍ ግድ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሲመዝን ስለኖረ ሰው ሲያይ ቀድሞ የሚታየው ፊቱ አይደለም፣ ኪሎው ነው። ሕፃን ተወልዶ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ሲሄድ “ስንት ገባ?” ይላል። ልቅሶ ደርሶም “ሰማንያ አምስት ኪሎ ሰው! እንዲህ ሆኖ ይቅር?” ብሎ ከልቡ ያዝናል። ደግሞ በእውነት ያዝናል እኮ፤ እንባው የእውነት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ደጅ ነው የዛሬ ስንት ዓመት የጌትነት ሽማግሌዎች የቆሙት። ጌትነት የትርንጎ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ጨዋ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ግን ቀጭን ልጅ። ቀጭን ስላችሁ ደግሞ፣ የማክሰኝት ነፋስ ሲነሣ ጓደኞቹ ክንዱን የሚይዙት ዓይነት ነበር። አያ ውብነህ ሽማግሌዎቹን አስጨርሶ ካዳመጠ በኋላ “ይህን ልጅ ከነጫማው፣ ከነመጽሐፉ ብሰቅለው ግማሽ ኩንታል አይገባም። ልጄን ለነፋስ አልሰጥም” ብሎ መለሳቸው። “ምነው አያ ውብነህ፣ ሰው በኪሎ ነው ወይ የሚዳረው?” ቢሉት፣ “ታዲያ በምንድን ነው?” ብሎ በቅን ልቦና ጠየቃቸው። 

ጌትነት ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። ትርንጎም ጠበቀችው። የአባቷን እህል እየሸጠች፣ የመጣውን ሁሉ እየመለሰች ጠበቀች። በአባቷ ሚዛን ከመቶ በላይ የሚገባ ባለ ሥጋ ቤት ሳይቀር መለሰች፤ አያ ውብነህ ለሱስ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰም። ጎረቤት “ቆማ ቀረች” ማለት ጀመረ። እህቴ በልጇ ነገር ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ ጉልበቷ አለቀ። ትርንጎ አባቷን እየፈራች ሳይሆን እያከበረች ዕድሜዋ ሊያልቅ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ግን ነገር ተገለበጠ። ምሳ ተበልቶ አያ ውብነህ ጥርሱን እየጎረጎረ ተቀምጧል። ትርንጎ እጇ ስላልተመቸ ስልኩን ጮክ አድርጋ ከጌትነት ጋር ታወራለች። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ ጾሙ እንዴት ነበር ከተባባሉ በኋላ፣ “ለመሆኑ ኪሎህ ስንት ደረሰ?” አለችው። “ኧረ ተይኝ፣ መቶ ሰማንያ ገብቻለሁ!” አለ ልጁ እየሳቀ።

አያ ውብነህ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። “ስንት አለ?”

“መቶ ሰማንያ አባባ።”

“አንድ ኩንታል ከሰማንያ ኪሎ?” ብድግ አለ። “ይኼ ነው እንጂ! ሰው ማለት ይኼ ነው! አሁንም ካሰበ ሽማግሌውን ይላክ፤ እሱም ራሱ ይምጣ። ዕቃውን በዓይኔ ሳላይ አልዋዋልም!”

ማንም አልተጠራጠረም። ምን ብለን እንጠራጠር? አሜሪካ ሄዶ የከሳ ሰው አይተን አናውቅ። ኢንተርኔቱ እንደሆነ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ፎቶውም ከአንገት በላይ ነው። የሞላ ጉንጭ እንጂ ሌላ አያሳይም። “ፎቶ ሚዛን አይደለም” አለ አያ ውብነህ፣ ጉንጩን በኩራት እያየ። ወዲያውም ደውሎ “አራዳ ብረት በያጅ አታጣም፤ ለአማቼ ወንበር አሠራልኝ። እንጨት አይችለውም” አለኝ። በያጁ ልኬቱን ስነግረው “ለስንት ሰው ነው?” አለ። “ለአንድ።” “ከነቤቱ ነው የሚቀመጠው?” አያ ውብነህ በበኩሉ ለሠርጉ ቀን ከብት ተራ ወጥቶ በቅሎ ሲያማርጥ፣ ባለ በቅሎው የሙሽራውን ክብደት ሲሰማ በቅሎውን ይዞ ወደ ኋላው ሸሸ። “ለሱስ ማኪና ከነተሳቢው ፈልግ” አለው።

ልጁ የሚመጣ ቀን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀባዩ እኔ ነበርሁ። ባጃጅ አይሞከርም ብዬ ሚኒባስ ተኮናትሬ፣ ሾፌሩንም የመሀሉን ወንበር አስፈትቼ ሄድሁ። መንገደኛው እየተንጠባጠበ ወጣ። እኔ ጋራ የሚያክል ነገር እጠብቃለሁ። አንድ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ሸጋ ጎልማሳ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ።

“ጋሼ! እንደምን ከረምህ?”

በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ “ጌትነትስ?” አልሁት።

“እኔ ነኝ እንጂ!”

“ሌላውስ? ቀሪው?”

ግራ ገባው። መቶ ሰማንያ ሳትሆን ቀርተህ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው “ነኝ እኮ” ብሎ ደረቱን ነፋ። ከዚያ ነው “ፓውንድ” የምትል ቃል ከአፉ የወጣችው። እኔ ፓውንድ የእንግሊዝ ገንዘብ ነበር የሚመስለኝ። ለካ አሜሪካ ሰውን የሚመዝነው በሱ ኖሯል፤ አንዱ ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስልኩን አውጥቶ መታው፤ ሰማንያ አንድ ተኩል ኪሎ ከምናምን ሆነ። እንግዲህ ፍረዱኝ! ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣ አገር ኪሎ ማውጣት አቃተው? ኢንቻቸው ሱቄን ሲያምስብኝ ኖረ፤ አሁን ደግሞ ፓውንዳቸው የእህቴን ልጅ ትዳር ሊበላብኝ ነው። ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ሁለታችን ተቀምጠን፣ በተፈታው ወንበር ቦታ ላይ ሻንጣው እየተንከባለለ ገባን።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ በማግስቱ ነው፤ እኔ ደግሞ የጨነቀው ሰው ሐሳብ መጣልኝ። ሁለት ኮት ደርብ፣ ከውስጥ ጋቢ ጠምጥም፣ በኪስህም የሚከብድ ነገር እኔ አላጣልህም፣ የምስማር ነጋዴ ነኝ አልሁት። “ጋሼ፣ ሰው ነኝ እንጂ ጆንያ አይደለሁም። እንዳለሁ ልታይ” አለኝ። ተናደድሁም፣ ወደድሁትም።

ለትርንጎ ደውዬ መርዶዬን ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። “ፓውንድ እንደሆነማ አውቃለሁ ጋሼ። ምነው፣ አባባ አጠገቤ ሲቀመጥ ጠብቄ ኪሎውን የጠየቅሁት ለምን መሰለህ?”

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ። “ነገ ሲያየውስ?”

“ብቻ ደጁ ይድረሱ። ስንት ዓመት አንድ ሽማግሌ አላስደርስ ብሎኝ! የቀረውን ለኔ ተወው።”

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። አራቱም ከማክሰኝት ዙሪያ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። መሪያቸው የጌትነት አጎት አያ ሙጬ ነው፤ ጤፉን ለአያ ውብነህ ሲያስረክብ የኖረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ። “ቁጭ በሉ” ቢባሉ፣ እንደ ወጉ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። አያ ውብነህ ግን ልቡ እነሱ ዘንድ የለም። በጭንቅላታቸው ላይ አሻግሮ፣ በሩ እስኪጠብበት ድረስ ሞልቶ የሚገባ ሰው ይጠብቃል። ጌትነት ከኋላቸው ወጥቶ እጅ ነሣ። አያ ውብነህ ልክ እንደኔው በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

“ውጣ” አለው፣ በሩ አጠገብ ያለውን፣ ከገበሬ እህል የሚረከብበትን ሚዛን በጣቱ እያሳየ።

“ኧረ ነውር ነው አያ ውብነህ!” አሉ ሽማግሌዎቹ።

“ነውሩ ጎድሎ መምጣት ነው!”

ጌትነት ክፉ ሳይናገር ጫማውን አውልቆ ወጣ። ሰባ ሰባት። የአያ ውብነህ አንጎል ለሒሳብ ወረቀት አይፈልግም፤ “አንድ ኩንታል ከሦስት ኪሎ ጎድሏል!” ብሎ ጮኸ። እኔ መሀል ገብቼ፣ አሜሪካኖች የሚመዝኑት በፓውንድ ነው፣ ልጁ አልዋሸም፣ ተባዝቶ ሲመጣ ሰማንያ አንድ ተኩል ነው ብል፣ “ቁም ነገር አምጣ! እኔ ቤት የጎደለ ጎደለ ነው የሚባለው፣ ፓውንድ አይባልም። ደግሞስ ሰማንያ አንድ ካልህ ከሱም ጎድሎ የለም ወይ? በሁለቱም ዋሽቷል!” አለኝ። ጌትነት ራሱ ግራ ተጋብቶ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየ። “እንዴ፣ በመንገድ ከሳሁ?”

“የእኔ ሚዛን አይሳሳትም። ስንት ዘመን ሠርቼበታለሁ! ሂዱ፣ በሰላም ግቡ። በጎደለ ልጄን አልሰጥም።”

ከመጋረጃው ወዲያ እህቴ ስታለቅስ ተሰማኝ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አነሡ። አያ ሙጬ ነጠላውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ ሁለተኛ ጊዜ ተዋርዶ ከተመለሰ ሦስተኛ እንደማይመጣ ከፊቱ ይነበብ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ዓለም ላይ ያለውን ልኬት ሁሉ፣ ከነፈልሳፊው ረገምሁ።

ትርንጎ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ልጅ አይወጣም፤ ወጣች። ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ “አባባ፣ ምናልባት ሚዛኑ አርጅቶ ይሆናል። በዚያኛውም ይመዘን” አለች።

“በየትኛው?” አለ አያ ሙጬ።

እሷም ከጆንያው ክምር ጀርባ፣ ለከተማ ሸማች እህል የሚሸጥበት በኩል ያለውን ሚዛን አሳየችው። ከገጠር እህል አምጥቶ የሚያስረክብ ሰው እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

“እሱ ተበላሽቷል!” አለ አያ ውብነህ፣ ሲበዛ ቶሎ ብሎ።

“ዛሬ ጠዋት የሸጥሁበት ነው እኮ አባባ።”

ጌትነት በባዶ እግሩ ሄዶ ወጣበት። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ከበቡት።

ሰማንያ ስድስት።

እናንተ ዬ! አሜሪካ በስንት ዓመት ስብ ያገኘውን ልጅ፣ የአያ ውብነህ መጋዘን ከበሩ እስከ ጓዳው ዘጠኝ ኪሎ ጨመረችለት! አያ ሙጬ ፊደል አልቆጠረም፤ ቁጥር ግን በገበያ ተምሯል። ወደ ሚዛኑ አየ፣ ተመልሶ በሩ ላይ ወዳለው ሚዛን አየ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ወደ አያ ውብነህ ዞረ።

“ሸጋ። በዚያ ስትገዛ፣ በዚህ ስትሸጥ ኖረሃል። ምነው አያ ውብነህ፣ የኔ ጤፍ…”

“ልጄን ሰጥቻለሁ!” አለ አያ ውብነህ።

ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። “ሰጥቻለሁ አልሁ እኮ! ኧረ ቁጭ በሉ! ሰማንያ ሆነ ሰባ፣ ሰው በኪሎ ነው ወይ የሚዳረው? ነውር አይደለም? ትርንጎ፣ ምን ትቆሚያለሽ፣ ለእጅ ውሃ አምጪ!” እያለ ሽማግሌዎቹን በየክንዳቸው እየጎተተ ከሚዛኑ አርቆ ወደ ሳሎን አስገባቸው። ጌትነትን ያ የብረት ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እሱን የመሰለ ሌላ ሁለት ሰው የሚጨምር ቦታ ተርፎ፣ እግሩ መሬት አልደርስ ብሎ ተንጠለጠለ። እህቴ ገና እንባዋ ሳይደርቅ እልልታዋን አቀለጠችው። ትርንጎ ማስታጠቢያውን ይዛ ዞረች፤ አባቷ ዘንድ ስትደርስም ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳታፈስ አስታጠበችው። እሱም ቀና ብሎ አላያትም።

አያ ሙጬ እንደ ወጉ ተነሥቶ መረቀ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ዘራችሁ ይባረክ፣ ቤታችሁ አይጉደል አለ። ሁላችንም አሜን አልን፤ ከሁላችን ይልቅ ጮክ ብሎ አሜን ያለው አያ ውብነህ ነው። ከዚያ ሽማግሌው ተቀመጠ፣ ዱላውን በጉልበቱ መሀል አቆመ፣ ነጠላውንም አስተካከለ።

“እንግዲህ የልጆቹ ነገር አለቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። “አሁን ወደ ጤፉ እንመለስ።”